ባለ እጅ ነበሩ

አያቴ የሞተችው በ2006 ዓ.ም. ነው። ሳጥኗን የከፈትነው አርባዋ ከወጣ በኋላ ነበር። ሁለት ጥልፍ ቀሚስ፣ ያልተለበሰ ነጠላ፣ መቁጠሪያ፣ የልጆቿ የትምህርት ቤት ካርድ። ከሥር ደግሞ በአሮጌ መቀነት የተጠቀለለ ወስፌ።

ወስፌውን ዐውቀዋለሁ። ያደግሁት መሶብና ሰፌድ ስትሰፋ ሥሯ ቁጭ ብዬ ነው። አያቴ ለጎረቤት ብር ታበድራለች፣ ጋቢዋን ታውሳለች። ወስፌዋን ግን ለማንም አትሰጥም ነበር። እንደ ሌላው ወስፌ የእንጨት እጀታ የለውም። ራሱ ብረቱ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀለበት ሠርቶ ያልቃል።

እናቴ በግራ እጇ አንስታ አየችው። «አባቷ ናቸው የሠሩላት» አለች።

«አባቷ ገበሬ አልነበሩም እንዴ?»

መልስ አልሰጠችኝም። ወስፌውን መልሳ ጠቀለለችው።

የነገረችኝ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ማድ ቤት ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። ቀና ሳትል «ቀጥቃጭ ነበሩ» አለችኝ። «ለአባትሽ እንኳ እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም።» እናትና አባቴ ሠላሳ አምስት ዓመት አብረው ኖረዋል።

ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው «ታዲያ ምን አለበት? ሙያ አይደል?» ሊል ይችላል። እኔም ያልኩት እሱን ነው። እናቴ ግን የምታውቀው ሌላ ነገር ነው። በገጠር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው ይባላል። ዐይኑ ሰው ይበላል። ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል። አባቶቹ የክርስቶስን ችንካር የሠሩ ናቸው የሚልም አለ። ከእሱ ጋር ማዕድ መቁረስ ይፈራል፤ ልጅ መስጠትማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ምሳሩን፣ ቢላዋውን የሚሠራው እሱ ሆኖ ርስት አልነበረውም። በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ ይኖር ነበር።

ይህን ስሰማ አያቴ ባንዴ ገባችኝ። ሰፈራችን ውስጥ አራስ ስትጠየቅ ብቻዋን ሄዳ አታውቅም ነበር። ሰው አስከትላ ትሄዳለች። ገብታም በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። «ልጁን እይው እንጂ» ሲሏት «እደጉ፣ ተመንደጉ» ትልና ዐይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። እኔ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰባ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ሕፃን ቢታመም በማን እንደሚመካኝ እያሰበች ነው የኖረችው። አዲስ አበባ ላይ ማንም ሳያውቅባት።

ስለዚህ የቅድመ አያቴን ታሪክ መፈለግ ጀመርኩ። ማን ነበሩ? እንዴት ሞቱ? እናቴ ስለ አሟሟታቸው የምታውቀው አያቴ አንድ ቀን በብስጭት ያመለጣትን ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። «አባቴን ጎረቤት ምን እንዳለው ታውቂያለሽ? ሰው ሲበላ ኖሮ ራሱ ተበላ አሉት።»

ወረቀት የሚባል ነገር የለም። የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። የገጠር መቃብር ላይ ስም አይጻፍም። መሬት ያለው ሰው ቢያንስ በግብር ወይም በርስት ክርክር ስሙ ይነሳል፤ የእሳቸው ዓይነቱ ግን እዚያም የለም። የቀረኝ የሰው አፍ ነው። እሱም በዕድሜ የገፋ ሰው አፍ።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ከአክስቴ ልጅ ጋር ወደ አያቴ አገር ወደ መንዝ ሄድን። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ጣርማበር። ጣርማበር ላይ ዋናው መንገድ በጣሊያን ዋሻ በኩል ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። የመንዙ መንገድ ደጋ ደጋውን ይዞ ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ ይሄዳል። አገሩ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ነፋሱ አጥንት ይገባል። ገብስ፣ በግ፣ ድንጋይ። ሌሊቱን ከሱፍ የተሠራ ባና ተደራርቦልን እንኳ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የቀበሌውን ስም አልጽፍም። የቅድመ አያቴንም ስም አልጽፍም። ዘመዶቻችን ለምነውኛል። ለጋብቻ የደረሱ ልጆች አሏቸው። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ስማቸውን ለመመለስ ብዬ ነበርና ስማቸውን ሳልጽፍ መጨረሴ በጣም ያመኛል። ግን ልጆቹ እዚያ ነው የሚኖሩት። እኔ ጽፌ አዲስ አበባ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ያገኘናቸው አዛውንት ሰማንያ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል። የማን ልጅ መሆኔን ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ «አወቅኩት። ባለ እጅ ነበር» አሉ። ቀጥቃጭ አላሉም። ባለ እጅ የሚለው ቃል እዚያ አገር ከስድብ ማምለጫ ነው፤ ሰው እንዳይከፋው የሚባል። እኔ ግን ቃሉን ወደድኩት።

አንድ ነገር ግን ጆሮዬ ላይ ቀረ። አዛውንቱ ስለሌሎች የድሮ ሰዎች ሲያወሩ «እሳቸው» ይላሉ። ስለ እኔ ቅድመ አያት ሲያወሩ «እሱ» ይላሉ። ከእኩዮቻቸው መካከል አንተ የተባሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። አዛውንቱ ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም። ልጅ ሆነው ሲሰሙ ያደጉት እንደዚያ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ስለ ቅድመ አያቴ ሳወራም ሆነ ስጽፍ አንቱ እላቸዋለሁ።

ከብዙ ሰው የሰማሁትን ስገጣጥመው የሚከተለው ነው። በሰገሌ ጦርነት ጊዜ፣ በ1909 ዓ.ም.፣ ገና ልጅ ነበሩ። የአባታቸውን ወናፍ ይነፉ ነበር። ወናፍ ሁለት የፍየል ቆዳ ነው። በሁለት እጅ እያፈራረቁ ይጫኑታል፤ ነፋሱ በሸክላ ቧንቧ አልፎ እሳቱ ሥር ይገባል። ሕፃን ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲነፋ ውሎ ማታ ክንዱን ማንሳት ያቅተዋል። በኋላ መዶሻውን፣ ጉጠቱንና ብረት የሚቀጠቀጥበትን መስፍ ወረሱ። መሬት የወረሰ የለም።

ሚስታቸው፣ ቅድመ አያቴ፣ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ድስት፣ ጀበና፣ ምጣድ፣ ጋን። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ባል ብረት፣ ሚስት ሸክላ። ሁለቱም እሳት ዳር።

ከሰሉን የሚያከስሉት ከአስታ ነው። አስታ በጓሳው አካባቢ የሚበቅል የደጋ ቁጥቋጦ ነው። አዛውንቱ «የአስታ ከሰል ይጋግማል፤ ብረት እንደ ቅቤ ያደርጋል» አሉኝ። ብረቱ ድሮ ከነጋዴ ነበር የሚገዛው። ከጣሊያን ወዲህ ግን ባሌስትራ መጣ። ከተሰበረ ካሚዮን የሚወጣው ብረት ማለት ነው። ዛሬም የገጠር ማረሻና ቢላዋ ብዙው ከባሌስትራ ነው።

የመንዝ መሬት ድንጋያም ስለሆነ ማረሻ ቶሎ ይዶለዱማል። በእርሻ ወራት ገበሬው ተመላልሶ ይመጣል። ማረሻው ይግላል፣ ይቀጠቀጣል፣ ጫፉ ይወጣለታል። ማሰሪያ ብረቱ፣ ወገሉም፣ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ብር አይከፈልም። ክፍያው በዓመት አንዴ ነው፤ እህሉ አውድማ ላይ ሲወቃ። እያንዳንዱ ገበሬ የተስማማውን ያህል ቁና ገብስ ይሰፍርላቸዋል። ዓመቱን ሙሉ በዱቤ ሠርተው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከአውድማ አውድማ እየዞሩ ይሰበስባሉ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በጣሊያን ዘመን ሰው ሌሊት ይመጣባቸው ነበር። የአዛውንቱ አባት አርበኛ ነበሩና ነገሩን ለልጃቸው ነግረዋቸዋል። ምላጩ የተሰበረ ውጅግራ፣ ሰደፉ የወለቀ ምንሽር ይዘው ይመጣሉ። ቀን እሳት ቢነድ ጭሱ ይታያል፤ መዶሻው ይሰማል። ስለዚህ ቅድመ አያቴ መስፉን ተሸክመው ገደል ሥር ወርደው ነበር የሚሠሩት። ጠመንጃ ማን አስተማራቸው? ማንም። ፈትተው አይተው ነው። በሰሜን ሸዋ ከነራስ አበበ አረጋይ ጋር አምስት ዓመት ሙሉ የተዋጋው አርበኛ የያዘው መሣሪያ ብዙው አሮጌ ነበር። አሮጌ ጠመንጃ ደግሞ ያለ ባለ እጅ ዱላ ነው።

«ከድሉ በኋላ ምን ተሰጣቸው?» አልኩ።

አዛውንቱ ጭራቸውን እያወዛወዙ ትንሽ ቆዩ። «ልጄ፣ ልንገርሽ? ሲሠራልን ባለ እጅ ነው። ሲጨርስ ቡዳ ነው።»

ዐፄ ምኒልክ ይህን ነገር ገና በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለውት ነበር። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያላችሁ አትስደቡ፤ በእጁ የሚሠራውን የሚሰድብ እኔን እንደሰደበ ነው የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ ነው። አዋጁን ሳነበው ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። አዋጁ ሲወጣ ቅድመ አያቴ ገና ሕፃን ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ከአዋጁ በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ስለ ጋፋትና ስለ ሴባስቶፖል ስንማር፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ አሠሩ ብለን ኮርተናል። መኩራታችን ትክክል ነው። ግን ሴባስቶፖል አንድ ነው። ማረሻው በየመንደሩ፣ በየዓመቱ ነበር።

አሁን ወደ አሟሟታቸው።

«መቼ ሞቱ?» ስል ሁሉም በየራሱ ይቆጥራል። አንዱ «ከታኅሣሡ ግርግር ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ» አለ። የነመንግሥቱ ንዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በታኅሣሥ 1953 ነው። እናቴ ደግሞ የተወለደችው በ1949 ነው፤ አያቴ «መርዶው ሲመጣ አንቺ ድክ ድክ ትዪ ነበር» ብላታለች። አዛውንቱ ደግሞ ዓመቱን በቁጥር አልጠሩትም። «የቆላው በሽታ ዓመት፣ ጥቅምት ላይ» አሉ።

ሦስቱ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ጥቅምት 1951።

«የቆላው በሽታ ምንድን ነው?»

«ንዳድ ነዋ። ያን ዓመት ቆላው አለቀ።»

ቅድመ አያቴ መስከረም ሲጠባ ማጭድ ሠርተው፣ አጠራቅመው፣ በአህያ ጭነው ወደ ሮቢት ወረዱ። አጨዳ ከመድረሱ በፊት ማጭድ ይፈለጋል። እግረ መንገዳቸውንም ከመኪና መንገዱ ዳር ባሌስትራ ይፈልጉ ነበር። ሁለት ሳምንት ቆዩ። ሲመለሱ ደህና ነበሩ። ከዚያ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ባና ተደረበላቸው፤ አልሞቃቸውም። ወዲያው ያልባቸዋል፤ ልብሳቸውን ይጥላሉ። ሳምንት ሳይሞላቸው ሞቱ። ዕድሜያቸው ሃምሳ አምስት ቢሆን ነው።

አዲስ አበባ ስመለስ ስለዚያ ዓመት አነበብኩ። በ1950 ክረምት ጀምሮ በ1951 የዘለቀ ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ነበር። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። የአገሪቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው ከዚያ እልቂት በኋላ ነው። ሮቢት ከፍታው የመንዝን ግማሽ አይሞላም፤ ሞቃት የወባ አገር ነው። ሦስት ሺህ ሜትር ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ደግሞ ወባን የሚቋቋም ደም የለውም። የንክሻው ጊዜ፣ የሁለት ሳምንቱ ቆይታ፣ ብርዱና ላቡ፣ ሁሉም ይገጥማል። ሐኪም አይደለሁም። ግን ቅድመ አያቴን የገደላቸው ወባ መሆኑን አልጠራጠርም።

ይህን ለእናቴ ስነግራት አለቀሰች። «እንግዲህ ትንኝ ናት በላቸው» አለች። አያቴ ይህን ሰምታ ብትሞት ምን ነበረበት ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ተገላበጥኩ።

የሞቱበትን ወር ልብ በሉ። ጥቅምት። አውድማ ገና ነው። ዓመቱን ሙሉ ማረሻ ቀጥቅጠው፣ ዋጋቸው ሳይሰፈር ነው የሞቱት።

ይህንን የነገሩኝ ሰባ ዓመት የዘለላቸው ሴት ናቸው። ያን ጊዜ ሕፃን ነበሩ። የቅድመ አያቴ ሚስት ከነሐዘናቸው፣ ጥቁር ለብሰው፣ ስልቻ ይዘው በየአውድማው ሲዞሩ አይተዋል። አንዳንዱ ገበሬ አስተካክሎ ሰፈረላቸው። አንዱም ቁናውን ሞልቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ ደረበላቸው። አንዳንዱ ልጆቹን ወደ ቤት አስገብቶ፣ እህሉን ከሩቅ መሬት ላይ አፍስሶ ሄደ። የእኚህ ሴትዮ አባት ግማሹን ብቻ ሰጡ።

«ዓመቱን አልጨረሰልንም ብሎ ነው» አሉኝ፤ መሬት መሬት እያዩ። «ማረሻው ግን ገና ስለቱ ላይ ነበረ። በሚቀጥለውም ዓመት አርሰንበታል።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። ሴትዮዋ ይህን ለመናገር ስድሳ ዓመት ጠብቀዋል፤ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እጃቸውን ያዝኩ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» አልኩ። ግን ውስጤ ነዷል። አሁንም ሲታወሰኝ ይነድዳል።

የቅድመ አያቴ ሚስት ያንን ክረምት እንደምንም ተሻግረው ልጆቻቸውን በተኑ። አንዱ ወታደር ቤት ገባ። አንዷ ደብረ ብርሃን ሰው ቤት ተቀጠረች። መሬት ላራሹ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ነው፤ ባለ እጁም እንደማንኛውም ሰው መሬት የማግኘት መብት ያገኘው ያኔ ነው። ሰውዬው ከሞቱ አሥራ ስድስት ዓመት አልፏል። እዚያ የቀረ ልጅ አልነበራቸውም።

መቃብራቸው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ጽዱ ሥር እንደሆነ ቄሱ በእጃቸው ጠቆሙኝ። ሣር ነው። ፍትሐት እንዲደረግላቸው ጠየቅኩ። ቄሱ የክርስትና ስማቸውን ጠየቁኝ። የሚያውቀው ሰው አልተገኘም። ቄሱም «እግዚአብሔር ያውቃቸዋል፤ በዓለም ስማቸው እንጠራለን» አሉ። ተጠሩ። ከስድሳ ዓመት በኋላ ስማቸው ጮክ ተብሎ ሲጠራ ሰማሁ።

በመመለሻችን ቀን ገበያ ገባን። ከገበያው ጫፍ፣ ከሰው ራቅ ብሎ፣ አንድ ወጣት ብረት ይቀጠቅጣል። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ወናፉ የቆዳ አይደለም፤ ከብስክሌት ጎማ ጋር ያያያዘው ማራገቢያ ነው። አጠገቡ የባሌስትራ ቁርጥራጭ ተከምሯል። ወስፌው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ጫፉ ትንሽ ስለጎበጠ እንዲያቃናልኝ ሰጠሁት።

እሳት ውስጥ አልከተተውም። ቀስ ብሎ በመዶሻ ጫፍ ነካ ነካ አደረገውና አቃናው። ከዚያ ግን አልመለሰልኝም። እጀታውን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ ወደ ብርሃን አዙሮ ያየው ጀመር።

«የማን ሥራ ነው?»

«የአያቴ አባት ናቸው። እዚሁ አገር ነበሩ።»

የራሱን ቢላዋ አነሳ። እጀታው እንዲሁ የተጠመዘዘ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ አሳየኝ። የእሱ ወደ ቀኝ ይዞራል። የወስፌው ወደ ግራ።

«በአንድ ግለት ነው የጠመዘዙት፤ ሁለተኛ እሳት ውስጥ አልገባም» አለ። «እጅ ነበራቸው።» ትንሽ ዝም ብሎ ጠየቀኝ፤ «ግራኝ ነበሩ እንዴ?»

አላውቅም አልኩት። ማንም አልነገረኝም። ስንት ሰው ጠይቄ፣ ስንት ቀን ዞሬ፣ ይህን የነገረኝ የለም።

መሐል ሜዳ ስንደርስ እናቴ ጋ ደወልኩ። እናቴ ግራኝ ናት። በግራዋ ትጽፋለች፣ በግራዋ ትበላለች። በእሷ ዘመን ግራኝ ልጅ እጁ እየታሰረ፣ እየተገረፈ ነበር ወደ ቀኝ የሚመለሰው። ለምን እሷን እንዳልመለሷት ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

«አክስቶቼማ እጇን እሰሪው ብለው ወጥረዋት ነበር» አለች። «እማማ እንቢ አለች። ተዋት፣ የኔ ልጅ እንደሱ ናት አለች። እንደማን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።»